መጽሐፍ በመኪና ቴፕ፤ የአንድ አሮጌ ኮሮላ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለችውን ኮሮላችንን ትረካ ለማድመጥ የምትመች መኪና ማድረግ ነው። እኔና እናቴ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በየጊዜው እንመላለሳለን። እናቴ ዐይኗ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የምታገኘው በጆሮዋ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ይህ አያስቸግርም፤ ስልኩን ከአጠገቧ አስቀምጦ ትረካውን መክፈት ይበቃል። መኪና ውስጥ ግን የስልኩ ድምፅ የሞተሩንና የጎማውን ጩኸት አይችለውም፤ የጆሮ ማዳመጫ ብታደርግ ደግሞ እኔ ከታሪኩ ውጭ እቀራለሁ፣ እሷም ስጠራት አትሰማኝም።

ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ሬዲዮ፣ ካሴትና ሲዲ ያጫውታል። የካሴቱ ክፍል ከሞተ ቆይቷል፤ ሲዲው የሚቀበለው የሙዚቃ ሲዲን ብቻ ሲሆን እንዲህ ያለው ሲዲ የሚይዘው ቢበዛ 80 ደቂቃ ነው። አሥር ሰዓት የሚፈጅ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ ይደመጥ ቢባል ስምንት ሲዲ በየመንገዱ መቀያየር ሊኖርብን ነው። ፍላሽ የሚሰካበት፣ ብሉቱዝም ሆነ ከስልክ በገመድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

በእጃችን ያለው የትረካ ስብስብ ሦስት ዓይነት ነው። አባቴ በዘመኑ ከሬዲዮ እየቀዳ ያኖራቸው ካሴቶች አሉ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ለምን እንደተቀዱ አይጠይቅም። ከመጻሕፍት መደብር የተገዙ ሲዲዎችም አሉ። በስልክ መተግበሪያ የተገዙት አዳዲስ ትረካዎች ደግሞ በመተግበሪያው ውስጥ ተቆልፈው የሚኖሩ በመሆናቸው ወደ ፍላሽ አይገለበጡም። ስለዚህ የሚሠራው ነገር ሁለት መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ለፍላሽ፣ ሌላው ለስልክ።

ጥቅምት መግቢያ

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን መንገድ ነው። በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሽ የኤፍኤም ማስተላለፊያ ከስልኩ በብሉቱዝ የተቀበለውን ድምፅ በኤፍኤም ሞገድ መልሶ ያሰራጫል፤ የመኪናው ሬዲዮ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። ሽቦ መቁረጥ የለበትም፣ ቴፕ መፍታት የለበትም።

ችግሩ ባዶ ቦታ ማግኘት ነው። ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው መስክ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አሐዱ በ94.3፣ ኤፍኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ብስራት በ101.1፣ ሸገር በ102.1፣ አፍሮ በ105.3፣ ሌሎቹም በየመካከሉ ተሰልፈውበታል። የእነዚህ ጣቢያዎች ማሰራጫዎች ብርቱ ናቸው፤ የእኛ ማስተላለፊያ ግን ከመኪናው ውጭ እንዳይሰማ ሆን ተብሎ እጅግ አነስተኛ ኃይል የተሰጠው ነው። በአውሮፓ ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የተፈቀደው ጣሪያ 50 ናኖዋት (ናኖዋት የአንድ ዋት ቢሊዮንኛ ነው) መሆኑ መጠኑን ለመገመት ይረዳል። ከተማ ውስጥ ጸጥ ያለ ቁጥር አግኝተን ወጣን፤ ከሰንዳፋ ወዲያ ግን አቀበት በወጣን ቁጥር ከሩቅ የሚመጣ ጣቢያ ብቅ እያለ ተራኪውን ይጫነው ጀመር።

ከዚህ ሙከራ አንድ ጠቃሚ ነገር አግኝቻለሁ። ዘፈን ክፍተት ስለማይተው ከሥሩ ያለውን ሽሽታ፣ ማለትም የ«ሽሽሽ» ድምፅ፣ ይሸፍነዋል። ትረካ ግን በዝምታ የተሞላ ነው፤ ተራኪው ትንፋሽ ሲወስድ፣ በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ሲያርፍ፣ ገጸ ባሕሪው ሳይመልስ ሲቀር፣ በዚያች ክፍተት ውስጥ የሞገዱ ሽሽታና የጎረቤት ጣቢያው ማስታወቂያ ይገባሉ። ለሙዚቃ «ደህና ነው» የሚባል መሣሪያ ለመጽሐፍ ላይበቃ ይችላል፤ ከዚህ በኋላ የምመርጠውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። ማስተላለፊያው ወደ መሳቢያ ገባ።

ጥቅምት አጋማሽ

አዲስ ቴፕ ለመግዛት መርካቶ ወርጄ ሶማሌ ተራን ዞርኩ። ሻጮቹ አስቀድመው የሚያሳዩት ትልቅ መስታወት ያለውን፣ እንደ ስልክ በጣት የሚነካውን ዓይነት ነው። አልፈለግሁትም። ቁልፉ ከተከፈተ በኋላ ተነሥቶ እስኪዘጋጅ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ያለ ዐይን የማይታዘዝ መሆኑ ነው። የሚነዳው ሰው ዐይኑ መንገድ ላይ ሊሆን ይገባል፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ አታይም፤ ስለዚህ በእጅ ተዳስሶ የሚለይ ቁልፍና የሚዞር የድምፅ መቆጣጠሪያ ያለው ቴፕ ያስፈልገኝ ነበር።

ሁለተኛው መስፈርቴ ማስታወስ ነው። በፍላሽ የሚጫወተውን ትረካ ሞተር ስናጠፋ ያቆመበትን ፋይል ብቻ ሳይሆን ያቆመበትን ደቂቃ ጭምር ይዞ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። በኪሴ የያዝኩትን ፍላሽ አውጥቼ፣

«ወንድሜ፣ ቁልፍ ሲጠፋ ያቆመበትን ያስታውሳል?» አልኩት ሻጩን።

«ዘፈኑን ከመሀል ነው የሚቀጥልልህ» አለኝ፤ በጠረጴዛው ላይ ባለው ባትሪ አገናኝቶም አጥፍቶ አበራው። ተራኪው ያቋረጠውን ዐረፍተ ነገር ጨረሰ። ፍላሽ፣ ብሉቱዝና የገመድ ቀዳዳ ያለው፣ መስታወቱ ጠባብ የሆነ ተራ ቴፕ ነው፤ ከትልልቆቹ በብዙ ይረክሳል። እዚያው አካባቢ ባለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ገባልኝ።

ጥቅምት መጨረሻ

በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያስታውስ የነበረው ቴፕ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ አያስታውስም። ቁልፉን በነቀልኩ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ የተቀመጡት ጣቢያዎች ይጠፋሉ፣ ትረካውም ከመጀመሪያው ምዕራፍ የመጀመሪያ ቃል ይጀምራል። ለዘፈን አድማጭ ይህ ትንሽ ብስጭት ነው፤ መጽሐፉን ሁለት ሦስተኛ ላደረሰ አድማጭ ግን ቴፑ ከንቱ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ቴፑ ውስጥ እንዳልሆነ የሱቁ ሙከራ ስለመሰከረ ሽቦውን ለመመርመር ወሰንኩ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ከፈታሁ በኋላ በካቻቢቴ የፊቱን ክፈፍ አውልቄ ቴፑን ሳብኩት። ከገበያ የሚገዛ ቴፕ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዋና የኃይል ሽቦዎች ይዞ ይመጣል፤ ቢጫው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣውንና የማይቋረጠውን ኃይል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣውን ኃይል፣ ጥቁሩ ደግሞ ኔጋቲቩን ይቀበላል። ቴፑን የሚያበራው የቀዩ ምልክት ነው፤ የትዝታው ማኅደር የሚኖረው ግን በቢጫው ነው። እኛ ቤት ቢጫውና ቀዩ አንድ ላይ ተጠምዝዘው፣ በናስትሮ ተጠቅልለው በቁልፍ በሚበራው ሽቦ ላይ ታስረዋል። ቴፑ ይበራል፣ ይዘፍናል፣ ከኤሌክትሪክ ቤቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲነቀል ግን ማኅደሩም አብሮ ይነቀላል።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ በተቃራኒው ሁለቱንም ከባትሪው ጋር ያስራቸዋል። ያኔ ትዝታው ይኖራል፣ ቴፑ ግን ሰው ራሱ ካላጠፋው አይጠፋም፤ ከጥቂት ቀናት ቆሞ ማደር በኋላም ሞተሪኖው አልዞር ይላል። ሁለቱም አሠራር የመጣው ፍጥነትን ከመውደድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በትክክል ለማሰር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጊዜ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

በእኛ መኪና የፋብሪካ ሶኬት ላይ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለው ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ ግራጫው በቁልፍ የሚበራው፣ ቡናማው ኔጋቲቭ ነው። ቀለሙን ብቻ ማመን ስላልፈለግሁ ኔጋቲቩን ለጊዜው መልሼ አስሬ በቴስተር ለካሁ፤ ቁልፉ ተነቅሎ እያለ ሰማያዊ-ቢጫው 12.5 ቮልት ገደማ ሲያሳይ ግራጫው ዜሮ ነበር። ከዚያ ቢጫውን ከሰማያዊ-ቢጫው፣ ቀዩን ከግራጫው ለየብቻ በይጄ ጠቀለልኳቸው። የቢጫው ፊዩዝ በቦታው መኖሩንም አረጋገጥኩ፤ ይህ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት ስለሆነ ያለ ፊዩዝ መተው የእሳት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ መኪናው ቆሞ የሚበላውን ኃይል ለካሁ። ቴስተሩን በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል በተከታታይ አስገብቼ፣ በሮቹ ተዘግተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ንባቡ 20 ሚሊአምፔር አካባቢ ላይ አረፈ። በአንድ ቀን ግማሽ አምፔር ሰዓት ያህል ማለት ነው፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ጤነኛ ባትሪ ለሳምንታት ይችለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 50 ሚሊአምፔር ያለው እንደ ተለመደ ይቆጠራል።

ቁልፉን ነቅዬ፣ ማታውን አሳድሬ፣ ጠዋት ስከፍተው ተራኪው ካቆመበት ቀጠለ።

ኅዳር መጀመሪያ

አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ድምፁ ጠፍጣፋ ነው፣ ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም፤ ተራኪው ከመኪናው ውጭ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። የግራውን ስፒከር ብቻ ስከፍት ጥሩ ነው፤ የቀኙንም ብቻ ስከፍት ጥሩ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ግን የድምፁ ሥጋ ይጠፋል።

ይህ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መገልበጡን የሚያመለክት ነው። ሽቦው ሲገለበጥ አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ በተለይ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዘፈን በግራና በቀኝ የተለያየ ነገር ስላለው ጉዳቱን በከፊል ይደብቀዋል። የአንድ ሰው ንባብ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስለሆነ መጠፋፋቱ ሙሉ ለሙሉ ይደርስበታል። የበሩን ልባስ ከፍቼ 1.5 ቮልት የሰዓት ድንጋይ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ለቅጽበት አስነካሁ፤ ፖዘቲቩ በትክክለኛው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይዘላል። በዚህ መንገድ ጫፎቹን ምልክት አድርጌ ሽቦዎቹን ስከታተል የቀኝ ፊቱ ተገልብጦ ተገኘ። ሲስተካከል ተራኪው ተመልሶ ከፊታችን፣ ከዳሽቦርዱ መሀል ቁጭ አለ።

የኋላ ስፒከሮቹን ሙሉ በሙሉ ዘጋኋቸው። ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ከፊቱ በጥቂቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ቃላቱን ያደበዝዛል፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሲኖር መክፈት ይቻላል። ሚዛኑንም ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ወደ እናቴ በኩል አዘነበልኩት።

የኅዳር ጽዮን ሰሞን

ሰሞኑን የሠራሁት በቤት ውስጥ ነው፤ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። ሥራው አድካሚ የሚሆነው ማፋጠን ስለማይቻል ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ይፈጃል፣ ለመቅዳትም 45 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው።

ከመቅዳቴ በፊት የካሴት ማጫወቻውን ጭንቅላት፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል አጸዳሁ፤ ከዚያም በጭንቅላቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞርኩ አዘነበልኩት። ካሴት የተቀዳበት ቴፕ ጭንቅላትና ዛሬ የሚያጫውተው ጭንቅላት ዝንባሌያቸው ካልገጠመ ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል፤ ንባቡ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። ብሎኗ ሩብ ዙር እንኳ ሳትዞር «ሰ» እና «ሸ» ጠርተው የሚወጡበት ነጥብ ይገኛል። ይህን ለእያንዳንዱ ካሴት ለየብቻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አባቴ በአንድ ቴፕ ብቻ አልቀዳቸውም። ማንኛውም የድምፅ ፕሮግራም በኋላ ሊመልሰው የማይችለው ነገር ይህ ስለሆነ፣ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ቢወስድብኝም አልቆጨኝም።

በኮምፒውተሩ ላይ የተጠቀምኩት ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ግራና ቀኙን ወደ አንድ መስመር አዋሕጄ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጥኩ፤ በዚያ ክልል ውስጥ ያለው አብዛኛው የካሴት ማጫወቻው ሞተር ማጉረምረምና ከመብራት መስመራችን የሚመጣው የ50 ኸርዝ ንዝረት ነው። ሽሽታውን ግን የቀነስኩት በጥቂቱ ብቻ ነው። አብዝቶ ማጽዳት ንባቡን ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ያስመስለዋል፤ የጎማው ጩኸት ሽሽታውን ለራሱ ስለሚሸፍነው መኪና ውስጥ ብዙም ትርፍ የለውም።

ያስቀመጥኩበት ዓይነት ኤምፒ3፣ አንድ መስመር፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሰዓት ትረካ 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አሥር ሰዓት የሚፈጀው መጽሐፍ ከ300 ሜጋባይት በታች ነው። ለንባብ ከዚህ በላይ መጨመር በዚህ መኪና ውስጥ የሚሰማ ልዩነት አላመጣልኝም። በኤም4ቢ የተቀመጡ ጥቂት ትረካዎችም ነበሩኝ፤ ይህ ዓይነት ምዕራፎችን በውስጡ ስለሚይዝ ለስልክ በጣም የተመቸ ነው፣ ቴፑ ግን ፋይሉን ጭራሽ አያየውም፤ እነርሱንም ወደ ኤምፒ3 መለወጥ አስፈለገ።

ታኅሣሥ መግቢያ

ከፋይሉ ጥራት ይልቅ የፋይሉ ርዝመት እንደሚበልጥ የተረዳሁት አሁን ነው። ቴፑ ያቆመበትን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ፍላሹ ከተነቀለ፣ ባትሪው ከተፈታ ወይም አንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ሌላ ፍላሽ ከሰካበት ትዝታው ይጠፋል። የአንድ ሰዓት ፋይል ውስጥ ሠላሳ ሰባተኛውን ደቂቃ ፈልጎ ማግኘት በዚህ ዓይነት ቴፕ ላይ ቁልፉን ተጭኖ መጠበቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ምዕራፍ አምስት ደቂቃ ገደማ በሆኑ ቁራጮች ከፋፈልኩት። አሁን ትዝታው ቢጠፋ እንኳ የምናጣው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫንም አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት እንደ መዝለል ሆነ። በአደባባይ መግቢያ ላይ ተጠምጄ ያመለጠኝን ክፍል መልሶ ለመስማት ይህ በቂ ነው።

ቁራጩ የሚቆረጥበት ቦታ ግን በሰዓት ብቻ አይወሰንም። ኤምፒ3 በተፈጥሮው በፋይሉ ጫፎች ላይ ጥቂት ባዶ ይጨምራል፤ ቴፑም ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ሲሻገር ለአፍታ ይቆማል። መቁረጫው በቃል መሀል ካረፈ ቃሉ ይሰበራል፤ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ካረፈ ግን አድማጩ የተራኪው ትንፋሽ መስሎት ያልፋል። ፕሮግራሙ ዝምታዎችን ራሱ ፈልጎ ምልክት ያደርጋል፤ እኔ ከምልክቶቹ መካከል ለአምስት ደቂቃ የቀረበውን እመርጣለሁ።

ከዚያ የቅደም ተከተሉ ጉዳይ መጣ። ቁጥሩ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ከተጻፈ የፋይል ስም የሚከተል ቴፕ ከ1 ቀጥሎ 10ን ያጫውታል፤ ስለዚህ 001፣ 002 ተብሎ በዜሮ መጀመር አለበት። ይህም ሆኖ የእኛ ቴፕ ስሙን ሳይሆን ፋይሉ ወደ ፍላሹ የገባበትን ተራ ይከተላል። ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ኮምፒውተሩ በፈቀደው ተራ ሊጽፋቸው ስለሚችል፣ ምዕራፍ ስድስት ከምዕራፍ ሁለት ቀድሞ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ፍላሹን ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት አጽድቶ (ፎርማት አድርጎ) ማኅደሮቹን (ፎልደሮቹን) አንድ በአንድ፣ በተራቸው መገልበጥ ነው፤ በሊነክስ ለሚሠራ ሰው ፋትሶርት የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ተራውን በኋላም ያስተካክላል። ፍላሹ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ሌላ አደረጃጀት ከተዘጋጀ ቴፑ ባዶ ነው ይላል።

የአማርኛ ስሞች በመስታወቱ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ይታያሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ርካሽ ቴፕ የሚይዘው የፊደል ቅርጽ ስብስብ እጅግ ጠባብ ነው። ለዚህ ብዙ አልደከምኩም፤ ዋናዋ አድማጭ መስታወቱን አታየውም። ይልቁንም በእያንዳንዱ ማኅደር መጀመሪያ ላይ 000 የሚል አጭር ፋይል አስገባሁ፤ የእህቴ ልጅ የመጽሐፉን ርዕስና የምዕራፉን ቁጥር ትናገርበታለች። የማኅደር መቀየሪያውን ቁልፍ በጫኑ ቁጥር ፍላሹ ራሱ የት እንዳሉ ይነግራል። በዚህ ሥራ ሁሉ ውስጥ ርካሹና ጠቃሚው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ታኅሣሥ አጋማሽ

የዛሬው ጉዞ ለድምፁ ማስተካከያ ነበር። ችግሩ ይህ ነው፤ ጎበዝ ተራኪ ያንሾካሹካል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ውበት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በምትሮጥ አሮጌ መኪና ውስጥ ግን ሹክሹክታው በጎማው ጩኸት ሥር ይሰጥማል፤ ድምፁን ጨምረን ስንጠብቅ ቀጥሎ የሚመጣው ጩኸት ያስደነግጠናል። እናቴ በአንዱ ጉዞ እጇን ከድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ ሳታነሣ ነው ሸኖ የደረስነው።

ስለዚህ ፋይሎቹን ሁሉ በማመቂያ አሳለፍኳቸው። ከተወሰነ ወለል በላይ የወጣው ድምፅ በሦስት እጅ ይቀነሳል፤ ከዚያ ጠቅላላው አንድ ላይ ከፍ ይደረጋል፤ በመጨረሻም የሁሉም መጽሐፍ አማካይ ጉልበት አንድ ዓይነት እንዲሆን ይስተካከላል። አብዝቼ ያመቅሁት ሙከራ ግን ትንፋሹንና የምራቁን ድምፅ ሳይቀር ወደ ፊት አምጥቶ ንባቡን አድካሚ አደረገው። አሁን ያለው መጠን ሹክሹክታው ሹክሹክታ መሆኑ እየታወቀ ቃሉ የሚሰማበት ነው፤ ለቤት ማድመጫ ደግሞ ያልታመቀውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጫለሁ።

በቴፑ ላይ ያለው የባስ ማጎልበቻ መጥፋት አለበት። የመንገድ ጩኸት ጉልበቱ ያለው በዝቅተኛው ክልል ነው፤ የተራኪውን ወፍራም ድምፅ መጨመር ከጩኸቱ ጋር መደባለቅ ብቻ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች የሚኖሩት ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ክልልና ከዚያ በላይ ነው፤ የ«ጠ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ጨ» ፍንዳታ፣ የ«ሰ» እና የ«ፈ» ንፋስ። በዕድሜ የገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ደግሞ ይህንኑ ቀጭኑን ድምፅ ነው። ባሱን ሁለት ደረጃ ዝቅ፣ ቀጭኑን ሁለት ደረጃ ከፍ አደረግሁት። ለእኔ ጆሮ ጥቂት ሸካራ ነው። እናቴ ግን ከአለልቱ እስከ ጫጫ አንድም ጊዜ «ምን አለ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ፍርዱ የእሷ ስለሆነ እንዲሁ ይቆያል።

የማቆሚያና የማስጀመሪያ ቁልፉ ላይ አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ አድርቄ ጉብታ ሠራሁ። ከዚህ በኋላ ቴፑን የምታዝዘው እሷ ናት። በመንዳት ላይ እያሉ ስልክ መነካካት በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ፣ ለትረካ ሲባል ከመንገድ ላይ ዐይን ማንሣት የሚያስፈልግበት ምክንያት አሁን የለም።

ታኅሣሥ መጨረሻ

የተቆለፉት የመተግበሪያ ትረካዎች ተራቸው ደረሰ። መጀመሪያ ስልኩን በገመድ ቀዳዳው አገናኘሁት፤ ስልኩ ከመኪናው ሶኬት እየሞላ ሲሄድ ከንባቡ በስተጀርባ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፣ ነዳጅ ስረግጥም ፉጨቱ አብሮ ይወጣል። ምንጩ ዲናሞው ነው፤ የቻርጀሩ ኔጋቲቭና የቴፑ ኔጋቲቭ በሁለት መንገድ ስለሚገናኙ የዲናሞው ሞገድ በድምፁ ገመድ በኩል ይዞራል። ቻርጀሩ ሲነቀል ፉጨቱ ወዲያው ይጠፋል። በሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመሮች መስመሩን የሚለይ ማጣሪያ በገበያ አለ፤ ሆኖም ብሉቱዝ እያለ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ማንጠልጠል አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ብሉቱዙም የራሱ ጠባይ አለው። ቴፑ ስልኩን እንዳገኘ «አጫውት» የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ ስልኩም መጨረሻ ላይ የተከፈተውን የድምፅ መተግበሪያ ያስነሣል፤ ትላንት ዘፈን ከሰማሁ ዛሬ የሚነሣው ዘፈን ነው። ከመነሣታችን በፊት መተግበሪያውን ከፍቶ ማስጀመር ይህን ያስቀራል። ስልክ ሲደወል ትረካው በራሱ ይቆማል፣ ሲዘጋም በራሱ ይቀጥላል፤ ይህ ከፍላሹ የሚበልጥበት አንዱ ነጥብ ነው። ሌላው የቴፑ «ወደ ኋላ» ቁልፍ በመተግበሪያው ውስጥ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ከመመለስ ይልቅ 30 ሰከንድ እንዲመልስ ማድረግ መቻሉ ነው፤ በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። የአቅጣጫ ጠቋሚው ድምፅ ግን ትረካውን አያቆመውም፣ ዝቅ አድርጎ በላዩ ይናገራል፤ በዚህ መንገድ ላይ ጠቋሚ ስለማያስፈልገን አጠፋሁት።

ጥር መግቢያ

ከሲዲዎቹ ግማሽ ያህሉ ገና አልተገለበጡም፤ ሁለቱ ስለተቧጨሩ በሌላ የኮምፒውተር ማጫወቻ መሞከር አለባቸው። የግራ በሩ ስፒከር ወረቀት ጠርዙ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ የሚተካው 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 4 ኦም፣ ትንሿ የቀጭን ድምፅ ስፒከር መሀሉ ላይ ያለችበት መሆን አለበት። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላለችው ጓደኛዋ ተመሳሳይ ፍላሽ እንዲዘጋጅላት አዛለች፤ የእዚያኛው ቤት ቴፕ ግን አሮጌ የጠረጴዛ ሬዲዮ ስለሆነ፣ ማኅደር የሚለይ መሆን አለመሆኑን በሚቀጥለው ጉዞ ፍላሹን ሰክቼ ካላየሁ ፋይሎቹን እንዴት እንደማሰልፍ መወሰን አልችልም።